የፕሬዚዳንቱ ኑዛዜና የብረት ቀጥቃጩ ቤተሰብ

የሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የቶማስ ጄፈርሰን ሐውልት ከመቶ ዓመት በላይ ከቆመበት ከኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2021 ተነሥቶ ወደ ሙዚየም ተወስዷል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የቡርዧው ጋዜጦች በሁለት ጎራ ተከፍለው ተሟግተዋል። አንዱ ወገን ሰውየውን የነፃነት አባት ይለዋል፤ ሌላው ግብዝ ነበር ይላል። ሁለቱም የሚመዝኑት የአንድን ግለሰብ ኅሊና ነው። እኛ የምናነሣው ጥያቄ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ጄፈርሰን በማን ላብ ኖረ? ሲሞትስ ለማን ምን አወረሰ?

ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ መፈጠሩን የሚናገረውን የ1776 አዋጅ ያረቀቀው ይኸው ሰው በዕድሜ ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። ቨርጂኒያ ውስጥ በሞንቲቼሎ ርስቱ ከ1794 ጀምሮ ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች ሚስማር ይቀጠቅጡለት ነበር።

የሚስቱ የማርታ አባት ከባሪያው የወለዳት ሳሊ ሄሚንግስ በውርስ ለጄፈርሰን ደርሳለች፤ ማለትም የሚስቱ እኅት የግል ንብረቱ ነበረች። የሳሊ ልጆች አባት ጄፈርሰን መሆኑን ብዙዎቹ የታሪክ ምሁራን የተቀበሉት በ1998 ከተደረገው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ወዲህ ነው። ልጇ ማዲሰን ግን ይህንኑ በ1873 በጋዜጣ ተናግሮ ነበር። የባሪያ ልጅ ቃል ለመታመን 125 ዓመት ላቦራቶሪ መጠበቅ ነበረበት!

ወዝአደሩ አንባቢያችን በተለይ እንዲያስተውለው የምንፈልገው ግን ከሚስማር መሥሪያው ልጆች አንዱ የነበረውን የብረት ቀጥቃጩን የጆ ፎሴትን ታሪክ ነው። ሚስቱ ኢዲት በፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት የፈረንሳይ ምግብ አሠራር እንድትማር ወደ ዋሽንግተን ተወስዳ ነበር። ጆ በ1806 ሳያስፈቅድ ሊያያት ቢሄድ በጄፈርሰን ትእዛዝ ተይዞ ተመለሰ። ባል ሚስቱን መጠየቁ በጌታው መዝገብ ሽሽት ነበር።

ጄፈርሰን አዋጁ በጸደቀ በ50ኛ ዓመቱ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1826፣ ከ100,000 ዶላር በላይ ዕዳ ትቶ ሞተ። በኑዛዜው ነፃ ያወጣው አምስት ሰዎችን ብቻ ነው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ጆ ከአንድ ዓመት በኋላ ነፃ እንዲወጣ፣ የሥራ መሣሪያዎቹም እንዲሰጡት ተናዘዘለት። መዶሻው ተሰጠው፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን አልተሰጡትም። በጥር 1827 ከሞንቲቼሎ 130 ሰዎች ለሐራጅ ሲቀርቡ ኢዲትና ልጆቿም በውስጡ ነበሩ። ቤተሰቡ ለተለያዩ ገዢዎች ሲበተን አባትየው ራሱ የነፃነቱ ቀን ያልደረሰ ባሪያ ነበር።

የጄፈርሰን ጠበቆች ባለዕዳ ስለነበረ ሁሉንም ነፃ ሊያወጣ አይችልም ነበር ይላሉ። ይህ መከራከሪያ ለግለሰቡ መከላከያ ተብሎ ይቅረብ እንጂ በእኛ እምነት ሥርዓቱን ከማንም ይበልጥ የሚያጋልጠው እርሱው ነው። የሰው ልጅ የዕዳ መያዣ በሆነበት የንብረት ግንኙነት ውስጥ የአበዳሪው ሰነድ ከአዋጁ ይቀድማል፤ አዋጁን የጻፈው እጅ እንኳ ይህን ቅደም ተከተል ሊገለብጥ አልቻለም፣ በሕይወት ሳለም አልሞከረም።

ጆ በመዶሻውና በዘመድ እርዳታ ከዓመታት በኋላ ሚስቱንና ከልጆቹ አንዳንዶቹን አስለቀቀ። በሐራጁ ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ የነበረው ፒተር ግን ነፃ የወጣው ጎልምሶ ነው። በሲንሲናቲ ከተማ ሰባኪ ሆኖ ካረጀ በኋላ በ1898 ስለዚያ ሐራጅ ለጋዜጣ ተናግሯል።