ከ8 ሰዓት በኋላ

«እማማ፣ አራቱን ፍሬ አሁን ይዋጡ፤ ሌላውን አራት ደግሞ ከ8 ሰዓት በኋላ።»

እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት። ከፎገራ ሜዳ ወባ ይዟቸው ወደ ጤና ጣቢያ ለመጡ እናት የተነገረ ነው እንበል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ነው። መድኃኒቱ ኮአርተም ነው፤ በአገራችን ከ1996 ዓ.ም. አንስቶ ለፋልሲፓረም ወባ ቀዳሚ ሆኖ ሲታዘዝ የኖረው። ለአዋቂ ሰው በ3 ቀን 24 ፍሬ በ6 ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ተቆይቶ ነው። ነርሷ የተማረችውን አልሳተችም። የእናትየውም ጆሮ ደህና ነው። አማርኛችን ግን «ከ8 ሰዓት በኋላ» ሲል ሁለት ነገር ይላል። ስምንት ሰዓት ያህል ቆይቶ ማለትም ነው፣ ሰዓቱ ስምንት ሲሆን ማለትም ነው። በመጀመሪያው ፍቺ ከሄዱ ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ከብት ሲገባ ይውጣሉ። በሁለተኛው ከሄዱ አራት ሰዓት ብቻ ቆይተው፣ ገና ፀሐይ ሳይበርድ ሌላ አራት ፍሬ ይጨምራሉ። ሁለቱም ታዛዥ ታካሚ ናቸው!

«የግጥም መምህር ስለ መድኃኒት ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። የሥራ ዘመኔን እኩሌታ የጨረስኩት አንድ ሐረግ እንዴት ሁለት ፍቺ እንደሚይዝ ለተማሪ በማሳየት ነው። በቅኔ ሰምና ወርቅ ይባላል፤ ይጨበጨብለታል። መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ግን ወርቅ አንፈልግም። ሰሙ ይበቃናል። ስለዚህ ያገባኛል።

የነርሲንግ ተማሪ ፋርማኮሎጂ ሲማር ሰውነት መድኃኒትን እንዴት እንደሚመጥ፣ እንደሚያሠራጭ፣ እንደሚለውጥና እንደሚያስወግድ ይማራል። ሚሊ ግራምን በኪሎ ማባዛት ይማራል። መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት የሚያረጋግጣቸውን አምስት ነገሮች፣ ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት፣ እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል። ጥሩ ነው። ግን ሁሉንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. የጀመረው የመውጫ ፈተናም በዚያው ቋንቋ ነው። ተመርቆ ፋርጣ ወይም ላይ ጋይንት ሲመደብ ግን አንድም ሰው በእንግሊዝኛ አይታመምለትም። አራት ዓመት የለፋበት እውቀት መጨረሻ ላይ በአንዲት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በኩል ማለፍ አለበት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ያስተማረው የለም። «አማርኛማ ይችላል» ተብሎ ታልፏል። አፍ መፍታትና ማስረዳት አንድ ሆነው ነው?

አምስቱን ነገሮች በእኛ አገር ገበታ ላይ እናስቀምጣቸው። ትክክለኛ ታካሚ፦ ነርሷ ካርዱን ይዛ «አባባ፣ አቶ እገሌ ነዎት?» ትላለች። አባባ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ማሳፈር አይወዱም፣ ወይም ስሙ በደንብ አልተሰማቸውም፤ «አዎ ልጄ» ይላሉ። «ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» ብትላቸው ኖሮ ሌላ ስም ይወጣ ነበር። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት የሰዋስው ነው፤ የሚያስከትለው ግን የሌላ ሰው መርፌ ነው።

ሰዓቱን አይተናል፤ ስድስት ሰዓት የሚለያዩ ሁለት አቆጣጠሮች እንዳሉን ደግሞ ሁሉም ያውቃል፤ የክፍሉ መዝገብ በአንዱ፣ አስታማሚው በሌላው ነው። የዘመኑ ጉዳይ ይብሳል። ጠርሙሱ ላይ የሚታተመው የማብቂያ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «2024» የሚል ያየ ገበሬ በራሱ ዘመን ቆጥሮ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ብሎ ከሳጥን ውስጥ መልሶ ያስቀምጠዋል። ይህን የሚያስጠነቅቅ ሰው ከመስኮቱ ማዶ ካልተናገረ ከየት ይመጣል?

መጠንስ? «ለልጁ አንድ ማንኪያ።» የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሾርባ ማንኪያ 15። ሦስት እጥፍ! በየቤቱ ያለው ማንኪያ ደግሞ ከሁለቱም ላይገጥም ይችላል። ከሽሮፑ ጋር የሚመጣውን መለኪያ አውጥቶ፣ መስመሩን በጥፍር አስይዞ ማሳየት ግማሽ ደቂቃ አይወስድም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ጽሑፉ ላይ ያለውና ኑሮው ውስጥ ያለው አለመተዋወቃቸው ነው። «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» ተብሎ ይጻፋል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል በአፉ የማይዞር ሰው ሦስቱን ጊዜ ከየት ያመጣል? ካህኑ ለበሽተኛ ቢፈቅዱለትም የሚጾመው ብዙ ነው። ያ ኮአርተም ደግሞ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው በደንብ የሚመጠጠው። ነርሷ መጽሐፉ እንዳለው «ከወተት ጋር» ትላለች፤ ታካሚው ጾመኛ ነው፤ በባዶ ሆዱ ይውጣል ወይም ይተወዋል። «በኑግ ዘይት ከተሠራ ሽሮ ጋር» ብትለው ግን ጾሙም መድኃኒቱም ይቀጥላሉ።

ሜትሮኒዳዞል የታዘዘለት ሰው «አልኮል እንዳትጠጣ» ይባላል። ሰውየው እሺ ይላል፤ ከልቡ ነው። አረቄውን ይተዋል። ማኅበር ላይ ሁለት ዋንጫ ጠላ ይጠጣል። በእሱ መዝገበ ቃላት ጠላ አልኮል አይደለማ! ጠላ ጠላ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚውን ደግሞ አስቡት። ሪፋምፒሲን ሽንትን ወደ ብርቱካንማና ቀይ ይለውጣል፤ መለወጡ ጉዳት አይደለም፤ ማንኛውም የነርሲንግ ተማሪ ይህን ለፈተና ያጠናዋል። ለታማሚው ሳይነገረው ከቀረ ግን ሰውየው በማግስቱ ደም የሸና ይመስለዋል። «መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው» ብሎ ያቆመዋል፤ ለ6 ወር ሳይቋረጥ ሊወሰድ የሚገባውን ሕክምና። ከዚያ በኋላ በሽታው መድኃኒት ቢለምድ «ሕዝቡ አልነቃም» እንላለን። ይህቺን አባባል ከሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሕዝቡስ ከጉና ተራራ የሚወርደውን ኮሶ በባዶ ሆድ፣ ማለዳ፣ ለልጅ አሳንሶ ለአዋቂ ጨምሮ ሲጠጣ ስንት ዘመኑ ነው! ልኬት፣ ሰዓትና ጥንቃቄ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። የኮሶው ትእዛዝ የተሰጠው በሚገባው ቋንቋ ስለነበር ነው።

«ፋርማኮሎጂ የዓለም ሳይንስ ነው፤ በአማርኛ ይሰጥ ማለት ወደኋላ መመለስ ነው» የሚሉኝ መምህራን አሉ። ማን በአማርኛ ይሰጥ አለ? ሪፋምፒሲንን እንደገና ስም አናወጣለትም። እንግሊዝኛው ራሱ ቢሆን የሚያምታታበት ቦታ አለ፤ በቀን አንድ ጊዜ ለማለት የሚጻፈው «ዋንስ» የሚለው ቃል በዚያው ፊደል በስፓኝኛ 11 ማለት ነው። ኒው ዮርክ ከተማ በ2009 እ.ኤ.አ. ትልልቆቹ የመድኃኒት መደብሮች ትእዛዙን በታካሚው ቋንቋ እንዲያቀርቡ በሕግ አስገደደች። እነሱ ለስደተኛው ያሰቡትን እኛ ለባለ አገሩ ነፈግነው።

«ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከየክልሉ ተማሪ ይመደባል፤ አማርኛ የማይችለውስ?» የሚለው የተሻለ ጥያቄ ነው። ለልምምድ ታካሚ ፊት የሚቆም ከሆነ አርባ ያህል ዓረፍተ ነገር አጥንቶ ይቁም፤ ለአርባ የእንግሊዝኛ ቃል ያላነሰ ሲያጠና አይደል የከረመው? በራሱ ቋንቋ ደግሞ፣ በኦሮምኛም ሆነ በሲዳምኛ፣ ያንኑ ተፈትኖ ይሂድ። ነገ የሚያክመው የራሱን አገር ሰው ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ባሳለፈው ግጭት መንገድ ተዘግቶ የቀጠሮው ቀን ያለፈበት ታካሚ ስንቱ ነው። «ሲመጣ እነግረዋለሁ» የሚባለው የማይሠራበት ጊዜ አለ። መስኮቱ ላይ የምትነገረዋ ብቸኛዋ ልትሆን ትችላለች።

እንግዲህ የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም፣ በጀትም አይደለም። ነርስ ከመመረቁ በፊት አንድ የቃል ፈተና ይኑር፤ የወደቀ አይመረቅ። ፈታኙም የፋርማኮሎጂ መምህር ብቻ አይሁን፤ ከገበያ የመጡ አንዲት እናት አጠገቡ ይቀመጡ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ አዋጣለሁ፦ «አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ከስማዳ መጥተዋል። ልጁ የሳንባ ምች ይዞታል፤ በውሃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ጠዋትና ማታ ለ5 ቀን ታዞለታል። በ3ኛው ቀን ሲሻለው እንዳያቋርጡ፣ የተረፈውንም ለጎረቤት ልጅ እንዳይሰጡ አስረዳ። ከዚያ መልሰው እንዲነግሩህ ጠይቅ። ነጥቡ የሚሰጠው አያቲቱ በመለሱት ነው።»