መድኃኒትን የተላመዱ ተሕዋስያንና የጠበል ስፍራዎቻችን

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፥ መድኃኒቱ ከመጠኑ አንሶ ቢወሰድ ተሕዋስያን እንደሚላመዱት አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒትን በተላመዱ ባክቴሪያዎች 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ክኒን አንዱ ምክንያት ነው።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን የሳንባ ነቀርሳ ነው። ሕክምናው በአብዛኛው 6 ወራት ይፈጃል። ሳሉ ጋብ ሲልለት ክኒኑን ያቋረጠ ሕሙም በውስጡ የቀሩትን፥ መድኃኒቱን የተላመዱትን ተሕዋስያን በትንፋሹ ያስተላልፋል፤ በጠበል ስፍራ ደግሞ ምእመናን ተጠጋግተው ያድራሉ። «ጠበል ከጀመርህ ክኒኑን ተው» የሚለው ምክር (ከማን እንደ መጣ እንጃ!) የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። አጥማቂ አባቶችም ሕሙማንን ሲቀበሉ የጀመሩት መድኃኒት እንዳለ አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል።