ውሃው በ91 ዲግሪ ፈላ

የሳይንስ መምህራንን ለምታሠለጥኑ የኮሌጅ መምህሮቼ፦

የምጽፍላችሁ ከደብረ ታቦር፣ ከጋፋት አጠገብ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። ዓምና ተማሪዎቼ በከሰል ምድጃ ውሃ አፍልተው ሙቀቱን ለኩ። ቴርሞሜትሩ 91 ላይ ቆመ፤ ከሰል ቢጨምሩም ንቅንቅ አላለም። «ተበላሽቷል» አልኳቸው። እኔ የማውቀው፣ በፈተናም ነጥብ ያገኘሁበት መልስ 100 ነበርና።

ቴርሞሜትሩ ደህና ነበር። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃው ቀድሞ ይፈላል። የሚያንገበግበኝ ይህን አለመማሬ አይደለም። ግፊትን በፊዚክስ ኮርስ በቀመር አስልቻለሁ፤ የመፍያ ነጥብን በኬሚስትሪ፣ የጥራጥሬን ዘር በባዮሎጂ ተምሬአለሁ። ሦስቱ አንድ ድስት ውስጥ ሲገናኙ ግን አንድም ቀን አላሳያችሁኝም። እናቴ ለባቄላ ንፍሮ ስንት እንጨት እንደምትፈጅ እያየሁ ያደግሁ ሰው፣ ምክንያቱን፣ ማለትም በ91 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ባቄላን ቶሎ እንደማያበስል ያወቅሁት መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው።

እውቀት ያልተነጣጠለበት ምድጃ ግን እዚሁ አጠገባችን ነበር። በ1850ዎቹ ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት ላይ የእጅ ባለሙያ የሆኑ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ የአገሩ ወጣቶችም ከሥራቸው ሆነው እንዲማሩ አደረጉ። ከሚስዮናውያኑ መካከል እነ ቫልድማየር ነሐስ አቅልጦ መድፍ የማፍሰስ ልምድ አልነበራቸውም። ከሽፎባቸው እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። እዚያ ምድጃ ፊት ጡቡ፣ ነፋሱ፣ ከሰሉና ነሐሱ የተለያየ ትምህርት አልነበሩም፤ አንዱ ቢጎድል ሁሉም ይበላሻል።

ንድፈ ሐሳቡን ጣሉት እያልኩ አይደለም። የጋፋት ሙያ በእጅ ብቻ ስለነበር ይመስለኛል፣ ንጉሡ በ1860 መቅደላ ላይ ካለፉ በኋላ ሳይቀጥል ቀረ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ሦስቱን ትምህርቶች አዋህዷል፤ እናንተም ሦስታችሁ አንድ ክፍል ግቡ። ቤተ ሙከራ የለም አትበሉኝ። የቀጥቃጩ ወናፍ አለ፤ አረቄ የምታወጣ ጎረቤት አለች፤ የፈተናችሁም ጥያቄ ከእነዚህ ይውጣ።

ልጆቹን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። አንዷ ወዲያው «ጉና አናት ላይስ በስንት ይፈላል?» አለችኝ። ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። መልሱን ከመጽሐፍ አልነገርኳትም። በጥር ከሰሉንና ቴርሞሜትሩን ይዘን እንወጣለን፤ ሠልጣኞቻችሁን ይዛችሁ ኑ።