የእህል በረንዳው ሩዝ እና የፎገራው ጭቃ፦ ምድር ስትሞቅ ማሳው ምን ያወጣል?

#ትንታኔ

እስቲ መርካቶ፣ እህል በረንዳ ብቅ በሉ። ከጤፉ፣ ከስንዴውና ከበቆሎው ጎን ሩዝ ታገኛላችሁ። አንዱ በውጭ ጆንያ የገባው ነው፣ ሌላው ደግሞ ከደቡብ ጎንደር፣ ከፎገራ የተጫነው። የውጭውን ብዙዎቻችን በድስት እንቀቅለዋለን። የፎገራውን ግን ብዙ ሰው ሳያውቀው ነው የሚበላው፤ ጤፍ ሲወደድ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናላ!

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ የሚታየን የፋብሪካ ጭስ፣ የመኪና ጭስ ነው። የሩዝ ማሳ ግን ማንም ትዝ አይለውም። ዛሬ እሱን እናያለን፤ ምክንያቱም ነገሩ እህል በረንዳ ላይ ከሚወጣው ዋጋ ጋር ይገናኛል።

📌 ጭቃው ውስጥ ምን አለ?

ሩዝ ከሌላው እህል የሚለየው ውሃ ተኝቶበት መብቀሉ ነው። አፈር ላይ ውሃ ሲተኛ ኦክስጅን ወደ ውስጥ መግባት ያቅተዋል። ኦክስጅን በሌለበት የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥርና ገለባ ቶሎ አይብላላም። ስለዚህ በውስጡ ያለው ካርቦን አፈሩ ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል። እስከዚህ ጥሩ ዜና ነው፦ የሩዝ ማሳ የካርቦን ማከማቻ ነው ማለት ነው።

ችግሩ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ጥቃቅን ተህዋስያን መኖራቸው ነው። እነሱ ያንን ብስባሽ ሲመገቡ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ የሚወጣበት መንገድም ይገርማል፦ አብዛኛው በራሱ በሩዙ ተክል ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሩዝ ሥሩ ውሃ ውስጥ እንዳይታፈን አየር የሚያወርድበት ክፍት ቱቦ አለው፤ ሚቴኑ በዚያው ቱቦ ሽቅብ ወጥቶ ወደ ሰማይ ይሄዳል።

ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው ለ12 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ግን በቆየበት ጊዜ ጉልበቱ ከባድ ነው። በ20 ዓመት ሲሰላ ተመሳሳይ ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። የሰው ልጅ ከሚያመነጨው ሚቴን ውስጥ ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ከሩዝ ማሳ እንደሚወጣ ይገመታል።

📌 ሙቀቱ ሲጨምርስ?

ነገሩ አዙሪት ነው።

👉 አንደኛ፦ አፈሩ ሲሞቅ ተህዋስያኑ ይፈጥናሉ። ብስባሹ ቶሎ ይበላል፣ ሚቴኑም ይጨምራል።

👉 ሁለተኛ፦ አየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ሩዙ በደንብ ያድጋል። ደስ ይላል። ግን በዚያው ልክ በሥሩ በኩል ስኳርነት ያለው ነገር ወደ አፈር ይለቃል፤ ይህ ደግሞ ለተህዋስያኑ ድግስ ነው።

👉 ሦስተኛ፦ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ፣ በተለይ አበባ በሚያወጣበት ሰሞን፣ ፍሬው አይሞላም። ማሳው ሚቴን እያወጣ ምርቱ ይቀንሳል።

ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ በተባለው የሳይንስ መጽሔት በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እስከዚያ ድረስ የተደረጉ የማሳና የላቦራቶሪ ሙከራዎችን አንድ ላይ አስልቶ ነበር። ውጤቱ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ለተመረተው ሩዝ የሚወጣው በካይ ጋዝ በ31 በመቶ ገደማ ያድጋል። ሙቀት በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ደግሞ በ12 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ይሄኛው በዋናነት ምርቱ ስለሚቀንስ ነው። በአጭሩ፦ ያው አንድ ሰሃን ሩዝ ነገ ከዛሬው የበለጠ አየሩን ያሞቃል።

📌 ፎገራ ላይ ሲመጣ

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለ ሜዳ ነው። ክረምት ሲመጣ የርብና የጉማራ ወንዞች ይሞላሉ፣ ዋልካው ውሃ ይዞ ይቀራል። ለብዙ ዘመን ያ ውሃ እህል የሚያጠፋ ጠላት ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ሲሞክሩበት ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ጠላት የነበረው ውሃ ሀብት ሆነ። ገበሬው እስከ ዛሬ የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው እዚያው ካለችው ከጅግና ነው። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። መንግሥትም ሩዝን «የሚሌኒየሙ ሰብል» ብሎ በ2010 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ስትራቴጂ አውጥቶለታል።

እዚህ ላይ ከእስያ የመጣውን ወሬ እንዳለ መገልበጥ አይሠራም። ሦስት ልዩነቶች አሉ።

አንደኛ፣ ፎገራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ሩዙን ሲያስቸግረው የኖረው ሙቀት ሳይሆን ብርድ ነው። ስለዚህ ትንሽ መሞቁ ምርቱን ወዲያው ላይጎዳ ይችላል፣ እንዲያውም ሊረዳ ይችላል። ሚቴኑ ግን ያው ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ ገለባው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አይቀርም፤ ለከብት መኖ ይሰበሰባል። ይህ የተህዋስያኑን ምግብ ይቀንሳል። ግን ገለባውን የበላው ከብትም ሲያመሰኳ ሚቴን ያገሳል! ደግሞም ገለባ በየዓመቱ ከማሳ እየወጣ ሲሄድ አፈሩ በምትኩ ፍግ ካላገኘ ካርቦኑ እየሳሳ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ አብዛኛው ገበሬ የሚያመርተው በዝናብ ነው፣ በዓመት አንዴ። ከአጨዳ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ማሳው ሲደርቅ ኦክስጅን ይገባል፤ ሚቴኑ ይቆማል፣ ተቀብሮ የቆየው ካርቦን ግን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ መውጣት ይጀምራል።

📌 ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?

ግልጽ እንነጋገር። የፎገራ ገበሬ ዓለምን አላሞቀም። ኢትዮጵያ ውስጥ ዋናው የሚቴን ምንጭ ከብት ነው እንጂ ሩዝ አይደለም። ከቻይና፣ ከህንድና ከኢንዶኔዥያ ማሳዎች ጋር ሲነጻጸር የእኛው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለእንጀራው የሚለፋን ሰው «ጋዝ ቀንስ» ብሎ ማስጨነቅ ተገቢ አይመስለንም።

ግን የሌላው ሀገር አየር እኛንም ይነካል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ህንድ ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከለከለች። ሀገር ውስጥ ዋጋ ንሮባት ነበር፣ ዝናቡም ተዛብቶባታል። ከዓለም የሩዝ ንግድ 40 በመቶ የሚሆነውን የያዘች ሀገር በሯን ስትዘጋ የዓለም ዋጋ ወደ ላይ ወጣ። እገዳው የተነሳው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ መስከረም 2017 ዓ.ም. ነው። እዚያ ዝናብ ሲዛባ እዚህ የሩዝ ገዢ ኪስ የሚሳሳው በዚህ መንገድ ነው። ፎገራ በርትቶ ካመረተ ግን ትንሽም ቢሆን መከላከያ ይኖረናል።

📌 ምን ይደረግ?

ፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ያስፋፋው ቀላል ዘዴ አለ፦ ማሳውን ሁልጊዜ ውሃ ከማስተኛት እያፈራረቁ ማድረቅ። ቀዳዳ ያለው ቱቦ አፈር ውስጥ ይተከላል። ውሃው ከአፈሩ ወለል 15 ሳንቲሜትር ዝቅ ሲል እንደገና ይለቀቃል። በዚህ መንገድ ውሃ ይቆጠባል፣ በብዙ ሙከራዎች ሚቴኑ ከ30 በመቶ በላይ ቀንሷል፣ ምርቱም በአግባቡ ከተሠራ አይጎዳም። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፦ ዩሪያ በብዛት በተጨመረበት ማሳ ላይ እርጥብና ደረቅ ሲፈራረቅ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ሌላ አሞቂ ጋዝ ሊጨምር ይችላል።

ፎገራ ላይ ትልቁ እንቅፋት ግን ሌላ ነው። ውሃው የሚመጣው ከሰማይና ከወንዝ ሙላት ነው፤ ገበሬው መክፈቻና መዝጊያ በእጁ የለውም። እንደ ርብ ባሉ ግድቦች መስኖ ሲስፋፋ ግን ሁለት መንገድ ይከፈታል። አንደኛው በበጋም ሩዝ እየዘሩ ማሳውን ዓመቱን ሙሉ ውሃ ማስተኛት ነው፤ ያኔ ሚቴኑም ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ቦዩ ሲሠራ ከመጀመሪያው ውሃን መቆጣጠር የሚያስችል አድርጎ መሥራትና ገበሬውን ማሠልጠን ነው።

የእስያ ሀገራት ለዘመናት የለመዱትን አሠራር መቀየር ስላለባቸው እየተቸገሩ ነው። የእኛ ሩዝ ገና 50 ዓመት ገደማው ነው፣ መስኖውም ገና እየተሠራ ነው። አሁን ቢታሰብበት ወጪው ትንሽ ነው። ቦዩ ካለቀ በኋላ እንደገና መቆፈር ግን ማን ይከፍላል? ወጪው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ገበሬው ላይና እህል በረንዳ ሄዶ በኪሎ የሚገዛው ሰው ላይ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? እናንተ ቤት እንጀራው ሩዝ ይገባበታል? ከፎገራ አካባቢ የምትከታተሉን ደግሞ የዘንድሮው ዝናብና የማሳው ውሃ እንዴት ነው? ሐሳባችሁን አካፍሉን።