ጋዜጠኛው ጄኔራልና የቃኘው ሻለቃ ታሪክ

ወታደርነትን፣ ጋዜጠኝነትንና የጦር ታሪክ ጸሐፊነትን ያጣመረ ሰው ጦርነትን ከአዛዡ ካርታ ይልቅ ከምሽጉ ውስጥ ማየት ይችላል፤ በአንጻሩ ያየውንም የገመተውንም በእኩል አሳማኝነት መተረክ ስለሚችል፣ አንባቢው ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ1900 የተወለደው አሜሪካዊው ብርጋዴር ጄኔራል ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ይህን ጥንካሬና ይህን ድክመት አጣምሮ የያዘ ነው፤ በኮሪያ ጦርነት ስለተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ ስለ ቃኘው ሻለቃ፣ ከጻፉ የውጭ አገር ደራሲዎች አንዱ በመሆኑም ጉዳዩ ኢትዮጵያዊውን አንባቢ በቀጥታ ይመለከታል።

ማርሻል በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ በመሐንዲስ ክፍል አገልግሎ፣ ከጦርነቱ በኋላ በኤል ፓሶ፣ ቀጥሎም በዲትሮይት ኒውስ ጋዜጣ ሠርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠራዊቱ ታሪክ ጸሐፊ ሆኖ ሲመለስ፣ በኅዳር 1943 በፓስፊክ ውቅያኖስ ማኪን ደሴት ላይ የድኅረ ውጊያ የቡድን ቃለ መጠይቅ የሚባለውን ዘዴ ሥራ ላይ አዋለ። ዘዴው ከውጊያ የተረፉ የአንድ ክፍል አባላትን ትዝታቸው ሳይደበዝዝ በአንድነት ሰብስቦ፣ ማዕረግ ሳይለይ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስነገር ሲሆን፣ ተራው ወታደር የአዛዡን ቃል ማረም መቻሉ ከይፋዊ ሪፖርት ልዩ ያደርገዋል።

በ1947 ባሳተመው «ሜን አጌንስት ፋየር» በተባለው መጽሐፉ ግን፣ በውጊያ ላይ መሣሪያቸውን የሚተኩሱት እግረኛ ወታደሮች ከመቶ 15 እስከ 25 ብቻ ናቸው አለ። ይህ «የተኩስ ምጣኔ» የአሜሪካን ጦር በሥልጠናው ላይ ብዙ ቢያነጋግርም፣ የታሪክ ምሁሩ ሮጀር ስፒለር በ1988 ባሳተመው ጥናት፣ ማርሻል ለዚህ አኃዝ የሚሆን መረጃ በሥርዓት ሰብስቦ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አለመገኘቱን ገለጸ።

ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ገብቶ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋግቷል፤ ማርሻልም በ1956 በታተመው «ፖርክ ቾፕ ሂል» የሻለቃውን የሌሊት ቅኝት በአድናቆት ተርኳል። ይህ አድናቆት በአገር ውስጥ እንደ መጨረሻ ምስክርነት ሲጠቀስ፣ ጸሐፊው የተጠየቀበት ጉድለት ይዘነጋል፤ በጉድለቱ ምክንያት ሥራውን ሁሉ መጣልም ስሕተት ነው። አኃዙ የማርሻል የራሱ ድምዳሜ ሲሆን፣ አንድ የቅኝት ቡድን በየት ወጥቶ በየት ተመለሰ የሚለው ትረካ ግን በተሳታፊዎች ቃልና በሠራዊት መዝገብ ሊፈተን የሚችል ነው።

ስለዚህ የማርሻልን ገጾች ከኢትዮጵያውያን ዘማቾች ማስታወሻና ከወታደራዊ ሰነዶች ጋር ማመሳከር ለቃኘው ክብር የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይሆንም። ኢትዮጵያውያን የጦር ታሪክ ጸሐፊዎችም ከውዳሴው ይልቅ ዘዴውን ቢወርሱ፣ ማለትም ከኋለኞቹ ጦርነቶች የተረፉትን አዛዥና ተራ ወታደር በሕይወት ሳሉ አንድ ላይ ቢጠይቁና የተነገራቸውን ከራሳቸው ድምዳሜ ለይተው ቢመዘግቡ፣ የአገሪቱ የጦር ታሪክ በውጭ ሰው ብዕር ላይ የሚኖረው ጥገኝነት ይቀንሳል።