«የካንሰር ክትባት» ሲባል፦ በካንሰር ሴሎች ስኳር ላይ ያነጣጠረው ምርምር የት ደረሰ?

«ለካንሰር ክትባት ተገኘ» የሚል ዜና በየጊዜው በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ይሰራጫል። ዜናውን ያነበበ የታማሚ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ይህ ክትባት ለእናቴ፣ ለወንድሜ ይደርሳልን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም መልሱን በቅጡ ሳያገኝ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮውን የሚያዘገይ ወይም ቤት ንብረቱን ሸጦ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚነሣ ሰው ሊመለስ የማይችል ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ከካንሰር ክትባት ምርምሮች መካከል ረጅም ታሪክ ያለውን አንዱን መስመር፣ ማለትም በካንሰር ሴሎች ገጽ ላይ በሚገኙ የካርቦሃይድሬት (የስኳር) ምልክቶች ላይ ያነጣጠረውን፣ ጠጋ ብሎ መመልከት ይጠቅማል።

በቅድሚያ አንድ ብዥታ ይጥራ። ክትባት በተለምዶ ጤናማ ሰው ከመታመሙ በፊት የሚወስደው መከላከያ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ከዚህ ወገን ነው፤ የሚከላከለውም ለካንሰሩ መነሻ የሆነውን ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስን ነው። እዚህ የምንመለከተው ግን ካንሰር ለያዘው ሰው የሚሰጥ፣ የሰውነቱን የመከላከል አቅም በካንሰሩ ላይ ለማስነሣት የታሰበ የሕክምና ክትባት ነው። ሁለቱ በስም ይመሳሰላሉ፤ ያስገኙት ውጤት ግን በእጅጉ ይራራቃል።

የሰውነታችን ሴሎች ከላይ በስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈኑ ናቸው። እነዚህ ሰንሰለቶች ሴል ከሴል የሚተዋወቅባቸው ምልክቶች ናቸው። በምግብና በመጠጥ ከምንወስደው ስኳር ጋር ሊምታቱ አይገባም፤ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት በእነርሱ ላይ ለውጥ አያመጣም። ሴሉ ወደ ካንሰር ሲለወጥ ሰንሰለቶቹን የሚገጣጥሙት ኤንዛይሞች ሥራ ይዛባል። አንዳንዱ ሰንሰለት ሳይጠናቀቅ በአጭሩ ይቀራል፤ ቲኤን እና ሲያሊል ቲኤን የሚባሉት ስኳሮች ከእነዚህ ናቸው። እንደ ጂኤም2፣ ጂዲ2 እና ግሎቦ ኤች ያሉት ደግሞ በአንዳንድ ጤናማ ሴሎች ላይ በጥቂቱ የሚገኙ ሲሆኑ በተወሰኑ የካንሰር ዓይነቶች ላይ ይበዛሉ።

ምናልባት አንባቢው ከዚህ ዓይነቱ ስኳር ጋር ሳያውቀው በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ተገናኝቶ ይሆናል። በተለይ ለቆሽት ካንሰር ክትትል የሚታዘዘው «ሲኤ 19-9» የተባለው የደም ምርመራ የሚለካው እንዲህ ያለ የስኳር ምልክት ነው። የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ካንሰር ሳይኖርም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። በተቃራኒው ጥቂት ሰዎች በተፈጥሯቸው ይህን ስኳር ስለማይሠሩ ካንሰር እያለባቸውም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዚህ ወረቀት ብቻ «ካንሰር አለብኝ» ወይም «ነጻ ነኝ» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ውጤቱን ያዘዘው ሐኪም ከሌሎች ምርመራዎች ጋር አያይዞ ሊያየው ይገባል።

ስኳርን ዒላማ ያደረገ ክትባት በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር በሽታ ከሚያስከትሉ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ በስኳር ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው። የመከላከል ሥርዓታችን ስኳርን ብቻውን ሲያገኝ የሚሰጠው ምላሽ ደካማና አጭር ነው፤ የተራዘመ ትውስታ እንዲፈጠር የሚያግዙት ቲ ሴሎች በአብዛኛው የሚያነቡት ፕሮቲንን ነውና። ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ላይ ድክመቱ ይበልጥ ይጎላል። መፍትሔው ስኳሩን ከተሸካሚ ፕሮቲን ጋር ማጣበቅ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻም በዚህ መንገድ የተሠሩ ክትባቶች ለሕፃናት መሰጠት ጀመሩ። በአገራችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሰጠው ፔንታቫለንት ክትባት ውስጥ ያለው የሂብ ክፍል፣ እንዲሁም በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት የተሠሩት በዚሁ ጥበብ ነው። ልጁን በጤና ጣቢያ ያስከተበ ወላጅ ሁሉ የዚህ ሳይንስ ተጠቃሚ ነው።

ታዲያ ለባክቴሪያ የሠራው ለካንሰር ለምን አልሠራም? ባክቴሪያው ባዕድ ነው፤ የካንሰር ሴል ግን የራሳችን ሴል ነው። በላዩ ያለውን ስኳር ሰውነት ከፅንስ ጀምሮ ያውቀዋል፤ «የኔ ነው» ብሎም ይተወዋል። ተመራማሪዎች ይህን ለመስበር ስኳሩን ከፍተኛ ምላሽ ከሚቀሰቅስ ባዕድ ፕሮቲን ጋር አጣበቁት። በብዛት የተመረጠው ኬኤልኤች የሚባለው፣ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ከቀንድ አውጣ ጋር ዝምድና ካለው እንስሳ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነበር። የመከላከል ምላሽን የሚያጎለብት ቅመምም ተጨመረበት። በእርግጥም በተከተቡት ሰዎች ደም ውስጥ ስኳሩን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት (አንቲቦዲዎች) ታዩ። ተስፋው የተነሣው ከዚህ ነው፤ የተሳሳተ ተስፋም የበቀለው ከዚሁ ነው።

ቴራቶፕ የተባለውና ሲያሊል ቲኤንን ዒላማ ያደረገው ክትባት ካንሰሩ በተሰራጨባቸው 1,028 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ተሞከረ። ግማሾቹ ስኳር ያለበትን ክትባት፣ ግማሾቹ ያለ ስኳሩ ኬኤልኤች ብቻ ወሰዱ። የተከተቡት ከፍተኛ መጠን ያለው አንቲቦዲ ሠሩ። በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ግን 23.1 ወር ነበር፤ የሌሎቹ 22.3 ወር። በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነት የለም ማለት ነው። ውጤቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

የጂኤም2 ክትባት ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት፣ ሜላኖማ ከተባለው የቆዳ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 122 ታካሚዎች መካከል በጂኤም2 ላይ አንቲቦዲ የነበራቸው ካንሰሩ ሳይመለስባቸው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። ይህን ተከትሎ በአውሮፓ በተካሄደ ትልቅ ሙከራ 1,314 ታካሚዎች ተሳተፉ፤ ግማሾቹ ተከተቡ፣ የቀሩት በክትትል ብቻ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ክትባቱ ጥቅም ሊያሳይ እንደማይችል ስለታወቀ መከተቡ እንዲቆም ተደረገ። እንዲያውም በዚያን ጊዜ በተደረገው ግምገማ የተከተቡት ሁኔታ የከፋ መስሎ ታይቶ ነበር፤ በመጨረሻው ስሌት ሁለቱ ወገኖች በጉልህ እንደማይለያዩ ተረጋገጠ።

በታይዋን የተሠራው የግሎቦ ኤች ክትባትም በ349 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ ለተከተቡት 7.6 ወር፣ ላልተከተቡት 9.2 ወር ሆነ፤ ይህም ቢሆን በስታቲስቲክስ ልዩነት ተብሎ የሚቆጠር አይደለም። ከተከተቡት መካከል ብዙ አንቲቦዲ የሠሩት ግን የተሻለ ሆነው ታዩ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ «ሰውነታቸው ምላሽ የሰጠላቸው ተሻላቸው» የሚለው አባባል በዚህ መስክ ዜና ሁሉ ላይ ይደጋገማልና። ጥሩ ምላሽ የሚሰጥ ሰውነት በመጀመሪያም ያልተዳከመ ሰውነት ነው፤ ባይከተብም ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆይ ይችል ነበር። ክትባቱ አተረፈው ለማለት የሚቻለው በዕጣ የተመደቡ ሁለት ሙሉ ቡድኖች ሲነጻጸሩ ብቻ ነው። የጂኤም2 ታሪክ ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፤ በ122 ሰዎች መካከል የታየው ተስፋ በ1,314 ሰዎች ፊት አልቆመም።

ይህ ሲባል ዒላማው ስሕተት ነበር ማለት አይደለም። ጂዲ2 በተባለው ስኳር ላይ በፋብሪካ የተዘጋጀ አንቲቦዲ በቀጥታ ሲሰጥ፣ ኒውሮብላስቶማ የተባለ አደገኛ የሕፃናት ካንሰር ያለባቸውን ልጆች ረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የ226 ልጆች ጥናት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት ሕክምናውን ካገኙት 66 በመቶ፣ ካላገኙት 46 በመቶ ነበሩ። ዲኑቱክሲማብ የተባለው ይህ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ዋጋው ግን በገንዘብ ብቻ የሚከፈል አይደለም፤ ጂዲ2 በሕመም ነርቮች ላይም ስለሚገኝ ልጆቹ በሕክምናው ወቅት ብርቱ ማስታገሻ የሚጠይቅ ሥቃይ ይሰማቸዋል። «የራስ» የሆነን ምልክት ማጥቃት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። እንግዲህ ስኳሩ የካንሰርን ሴል ለማግኘት ያገለግላል፤ ያልተሳካው የታማሚው ሰውነት ራሱ በቂ ጥቃት እንዲሰነዝር ማድረጉ ነው።

ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ራኮቱሞማብ የተባለ የሳንባ ካንሰር ክትባት እ.ኤ.አ. በ2013 በኩባና በአርጀንቲና ተመዝግቧል። በ176 ታካሚዎች ላይ በተደረገው ሙከራ መካከለኛው የሕይወት ጊዜ ከ6.8 ወር ወደ 8.2 ወር ከፍ ብሏል። የአሜሪካም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች አልፈቀዱትም። ወደ ኩባ ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ ከአውሮፕላን ትኬቱ በፊት ይህን የአንድ ወር ተኩል ያህል ልዩነት ሊመዝነው ይገባል።

ስለ ክትባት ዜና ሲሰሙ ለሐኪምዎ ወይም ለዜናው አቅራቢ ሊያነሧቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ሙከራው የተደረገው በእንስሳት ነው ወይስ በሰው? የተለካው በደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ ነው ወይስ የታማሚዎቹ ዕድሜ? የማነጻጸሪያ ቡድን ነበረውን? በአገራችን ማንኛውም የአዲስ መድኃኒት ሙከራ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታን ይሻል። ተሳታፊው የስምምነት ቅጽ በሚገባው ቋንቋ ተብራርቶለት ይፈርማል፤ በፈለገ ጊዜም መደበኛ ሕክምናውን ሳያጣ ከሙከራው መውጣት ይችላል። ገና በሙከራ ላይ ያለ ክትባት በስልክ ወይም በቴሌግራም ተዋውሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመ ጉዳዩን ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ዛሬ በእጅ ያሉት ክትባቶች የሚከላከሉት ናቸው። የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያው በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች መሰጠት የተጀመረ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉት በአንድ ዙር እንዲወስዱት ተደርጓል፤ ክፍያ አይጠየቅበትም። በፔንታቫለንት ውስጥ ያለው የሄፓታይተስ ቢ ክፍል ለጉበት ካንሰር ከሚያጋልጡ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱን ይከላከላል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች ምንም የሕመም ስሜት ባይኖራቸውም አገልግሎቱን በሚሰጥ ጤና ተቋም ቀርበው የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል። በጡት ላይ አዲስ እብጠት ያገኘች ሴት ደግሞ በዚያው ሳምንት በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ወደ ሆስፒታል የሚያስተላልፈው የሪፈር ወረቀት የሚጻፈው ከዚያ ነው።