ጭብጥ በራሱ አይወለድም

ለዶክትሬት ማዕረግ የሚደክም መርማሪ፣ ከሰዎች አንደበት የሰበሰበውን ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ገልብጦ፣ በየአንቀጹ ኅዳግ ኮድ የሚባለውን አጭር ስያሜ እያኖረ፣ ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ አስማምቶ ሲያበቃ «ከመረጃው እነዚህ ጭብጦች ወጡ» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፣ ጭብጡ እንደ ምንጭ ውኃ በራሱ የፈለቀ፣ እርሱም ከመቅዳት በቀር ምንም ያልሠራ ያስመስላል። እኔ ግን ኮድ መስጠት ፍርድ መስጠት ነው፤ ስለዚህም የፈረደው ሰው ፍርዱን እስከነምክንያቱ ሊገልጥ ይገባዋል እላለሁ።

ለዚህ አብነት የሚሆነን የባርኒ ግሌዘርና የአንሰልም ስትራውስ ሥራ ነው። እነዚህ ሁለት የሶሲዮሎጂ ሊቃውንት በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በሚገኙ ሆስፒታሎች፣ ለሞት የተቃረቡ ሕሙማን ከሐኪሞችና ከነርሶች ጋራ እንዴት እንደሚነጋገሩ መርምረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 መጽሐፍ አወጡ፤ የምርምራቸውንም ሥርዓት ግራውንድድ ቲዎሪ ብለው በ1967 በሌላ መጽሐፍ ገለጡ። አንዲት ነርስ ወደ ሕመምተኛው አልጋ ቀርባ ስለ ምግቡና ስለ እንቅልፉ ስትጠይቀው፣ እርሱም ከዚያ ሳያልፍ ሲመልስላት ያየ ሰው፣ ለዚህ አንቀጽ «የዘወትር እንክብካቤ» የሚል ኮድ ቢሰጥ ተሳሳተ አይባልም፤ ዳሩ ግን ሁለቱም ሞት መቅረቡን እያወቁ እንደማያውቁ ሆነው መነጋገራቸውን ካላስተዋለ፣ ንባቡን ይዞ ምሥጢሩን ይስታል። ሊቃውንቱ ይህን የጋራ ማስመሰል ለይተው ሊሰይሙት የቻሉት፣ ሕመምተኛው ምንም ከማያውቅበት፣ ከሚጠረጥርበትና ሁሉም በግልጥ ከሚነጋገሩበት ሁኔታ ጋራ ደጋግመው ስላነጻጸሩት ነው።

እንደ ኤንቪቮና አትላስ ቲአይ ያሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የተሰየመውን አንቀጽ ፈልጎ በማቅረብና በመቍጠር ድካምን ያቀልላሉ፤ ነገር ግን አርባ ጊዜ የተነገረ ነገር፣ አንድ ሰው ብቻ በጭንቅ ከተናገረው ይልቅ ይከብዳል ብለው ሊፈርዱልን አይችሉም። ቨርጂኒያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክም በዚያው አቈጣጠር በ2006 ባሳተሙት የታወቀ ጽሑፍ፣ ጭብጥ ከመረጃው ውስጥ ተሸሽጎ አውጪውን የሚጠብቅ ነገር አለመሆኑን አስረድተዋል።

«ነገሩ ፍርድ ከሆነ እንግዲያ እያንዳንዱ እንደ ልቡ ሊፈርድ ነውን?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ኮድ ሰጥተው ቢስማሙ መልካም ነው፤ ሆኖም በአንድ ስሕተትም መስማማት ይቻላል። ከዚህ የሚበልጠው ዋስትና፣ መርማሪው ኮዱን ለምን እንደ መረጠ፣ መቼስ እንደ ለወጠው በየጊዜው ማስታወሻ መያዙ፣ ከጭብጡ ጋራ የማይስማማውንም ቃል ሳይሰውር ማቅረቡ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በየወገኑ ሲፈቱ፣ ደቀ መዝሙሩ የትርጓሜውን መንገድ ሁሉ ያያል፤ የመመረቂያው ጽሑፍ አንባቢም እንዲሁ ሊያይ ይገባዋል። ኑሮውንና ሐዘኑን አምኖ የነገረን ሰው፣ ቃሉ በምን ምክንያት በዚያ ስያሜ ሥር እንደ ዋለ የሚመልስለት አንድ ኃላፊ ያስፈልገዋል፤ ያም ኃላፊ ስሙን በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያኖረው መርማሪ ነው።